እቴጌ ምንትዋብና የጥበብ ሰዎች

ልጆች ሆይ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ባያችሁ ጊዜ ማን እንደ ሣለው ትጠይቃላችሁ። ይህ መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ይህንንም የሚጠይቁ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ሠዓሊው ሲሥል ሳለ እንጀራውን የሰጠው ማን ነው? ቀለሙንስ የገዛለት ማን ነው? ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ልጆቹን ያበላለት ማን ነው?

ሠዓሊ ሥዕል በሚሥልበት ቀን አያርስም። ጸሐፊም ብራና በሚጽፍበት ቀን አያጭድም። እጁ በቀለም የተያዘ ሰው ከሌላ ሰው እጅ ይመገባል። ስለዚህ መልካም ሥራ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ የሠራው ነው፥ ሁለተኛውም ያሠራው ነው። የዛሬው ንባባችን በጎንደር ከተማ ብዙ ጥበበኞችን ሰብስበው ስላሠሩ ስለ አንዲት እቴጌ ነው። እርሳቸውም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

የእቴጌ ምንትዋብ ወገን ከቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ይባል ነበር። ምንትዋብ ማለት ምን ያህል ውብ ናት እንደ ማለት ነው፤ ይህም ስም ስለ መልካቸው ውበት የወጣላቸው ነው። በነገሡም ጊዜ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ተባለ።

ከዐፄ በካፋ ጋር ስለ መገናኘታቸው እንዲህ ተብሎ ይነገራል። ንጉሡ ማንነታቸውን ሰውረው ልብሳቸውን ለውጠው በአገሩ ይዘዋወሩ ነበር። በቋራም በደረሱ ጊዜ ንዳድ ያዛቸውና ከአንድ ባለ ጠጋ ቤት አደሩ። የቤቱ ልጅ ምንትዋብም ማንነታቸውን ሳታውቅ እንደ ማንኛውም ታማሚ እንግዳ አስታመመቻቸው። ንጉሡም በዳኑ ጊዜ የልጅቱን ትሕትናና ደግነት አስበው አገቧት። ነገሩ በአፍ ሲወርድ የመጣ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ ስለ እቴጌይቱ ጠባይ የሚያስበውን ያሳያል።

እቴጌ ምንትዋብ የገቡባት የጎንደር ከተማ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ መቶ ዓመት ያህል ነበረ። ከተማይቱን የቈረቈሩ ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው፤ ዘመኑም 1628 ዓ.ም. ነበረ። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ከድንኳን ወደ ድንኳን ይዘዋወሩ ነበር እንጂ እንዲህ ባለ ታላቅ ከተማ ለረጅም ዘመን አይቀመጡም ነበር። ንጉሥ በአንድ ስፍራ በተቀመጠ ጊዜ ግን ግንበኛው፥ አናጢው፥ አንጥረኛው፥ ሸማኔው፥ ጸሐፊውና ሠዓሊው በዙሪያው ይሰበሰባሉ። በጎንደርም እንዲሁ ሆነ። ከፋሲለደስ በኋላ የነገሡትም ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስና የልጅ ልጃቸው ታላቁ ዐፄ ኢያሱ እያንዳንዳቸው ሕንፃ ጨመሩ። ዐፄ በካፋም የራሳቸውን አዳራሽ ሠሩ።

ዐፄ በካፋ ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. ነግሠው ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበረ። ሕፃኑም ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ነገሠ፤ እናቱ እቴጌ ምንትዋብም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር በመንግሥት ሥራ ላይ ተቀመጡ። ወንድማቸው ወልደ ልዑልም በኋላ ራስ ተብለው በምክርና በጦር ይረዷቸው ነበር።

ነገር ግን የሕፃን መንግሥት ጠላት አያጣም። በ1725 ዓ.ም. ታንሴ ማሞ የሚባል መኰንን ዐመፀ፤ ሌላ ሰውም አነገሠ። ዐመፀኞቹም ወደ ጎንደር ገብተው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። እቴጌይቱና ሕፃኑ ንጉሥ በግንቡ ውስጥ ተዘግተው ተቀመጡ። ከተማይቱም በዚያ ጦርነት ብዙ ተጐዳች። በመጨረሻ ከጎጃምና ከዳሞት ጦር ደርሶ ከበባውን ሰበረው፤ ዐመፀኞቹም ተሸነፉ።

ልጆች ሆይ፤ እንዲህ ካለ መከራ የዳነ ሰው ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ከፍ ያለ ቅጥር ይሠራል፤ ነፍጥና ጦር ይሰበስባል፤ የተረፈውንም ገንዘብ በጓዳ ይቀብራል። እቴጌ ምንትዋብም ቅጥርና ጭፍራ አላጡም፤ ነገር ግን ከገንዘባቸው ታላቁን ክፍል ለሌላ ሥራ ሰጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት አሰቡ። ስሙንም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት። ቁስቋም በግብጽ አገር ያለ ስፍራ ነው፤ እመቤታችን ማርያም ልጇን ይዛ ከሄሮድስ በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት ነው። እቴጌይቱም ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ከጠላት የዳኑ እናት ነበሩና ይህን ስም የመረጡበት ምክንያት ለማንም አይሰወርም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ደግሞ መኖሪያቸውንና የግብር አዳራሻቸውን አሠሩ። ግንቡ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ በየስፍራውም ከቀይ ድንጋይ የተቀረጸ መስቀልና ሌላም ጌጥ ገብቶበታል። ዛሬም ፍርስራሹን የሚያይ ሰው የግንበኞቹን እጅ ያደንቃል።

አሁን ለዚህ ሥራ ምን ያህል ሰው እንዳስፈለገ አስቡ። መጀመሪያ ድንጋይ የሚፈልጥ፥ ኖራ የሚያቃጥልና ውሃ የሚቀዳ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ግንበኛው ይመጣል። ከግንበኛው በኋላ አናጢው በሩንና መስኮቱን ይሠራል፤ አንጥረኛው መስቀሉንና ጽንሐሑን ይሠራል፤ ሸማኔውና ሰፊው መጋረጃውንና ልብሰ ተክህኖውን ያዘጋጃሉ። ይህም ሁሉ ካለቀ በኋላ ቤቱ ያለ መጽሐፍና ያለ ሥዕል ባዶ ነው።

መጽሐፍም በአንድ ቀን አይገኝም። ፍየል ይታረዳል፤ ቆዳው በውሃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋው በስለት ይፋቃል፤ ፀጉሩም ይነሣል። ከደረቀ በኋላ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ገጽ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ እጅግ ብዙ ፍየል ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ብራናውን ያሰምራል፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ቀምሞ፥ ለቅዱሳን ስምም ቀዩን አዘጋጅቶ፥ በመቃ ብርዕ አንድ አንድ ፊደል እየቀረጸ ይጽፋል። አንድ መጽሐፍ ብዙ ወራት ይፈጃል። በነዚያ ወራት ሁሉ ጸሐፊው ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይለብሳል። ይህን የሚያደርግለት ሰው ባይኖር ኖሮ ብራናው ባዶ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ክብ የሆነው ሕንፃ ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ። ሠዓሊው አብዛኛውን ሥዕል በጨርቅ ላይ ይሥላል፤ ጨርቁም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማንበብ የማይችል ሰው ቁሞ በመቅደሱ ዙሪያ ሲሄድ ታሪኩን በዓይኑ ያነባል። ስለዚህ ሥዕል ለዕውራነ ፊደል መጽሐፍ ነው።

በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የነበሩት ሠዓልያን አዲስ አሣሣል አመጡ። ከእነርሱ በፊት የነበሩት የጎንደር ሠዓልያን ፊትንና ልብስን ደማቅ በሆነ ቀለም፥ ጥርት ባለ መስመር ይሥሉ ነበር። እነዚህ ግን በፊትና በእጅ ላይ ጥላ እየጨመሩ አካሉን ሙሉ አስመሰሉት። ከሰዎቹ ኋላ ያለውንም ሜዳ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ እንዲለወጥ አደረጉ። ልብሱንም አበባና ሐረግ ባለበት ጨርቅ አስጌጡት። በዚያ ዘመን የሕንድ አገር ሐርና ግምጃ በምፅዋ ወደብ በኩል ወደ ጎንደር ይገባ ነበር፤ ሠዓልያኑም በቤተ መንግሥት ያዩትን ግምጃ በሥዕላቸው ላይ አኖሩት። የዛሬ ሊቃውንት ይህን አሣሣል ሁለተኛው የጎንደር ሥዕል ይሉታል። ከእቴጌይቱ ዘመን በኋላም ለብዙ ጊዜ ሠዓልያን ተከተሉት።

ነገር ግን የእቴጌይቱ ማስተዋል በዚህ ብቻ አይፈጸምም። አንድ ጊዜ አሠርቶ መሄድ ቀላል ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ካህናቱና ደብተሮቹ፥ መዘምራኑና መምህራኑ በምን ይኖራሉ? እቴጌይቱ ለቁስቋም ብዙ ጉልት ሰጡ። ጉልት ማለት የመሬቱ ግብር ለቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች እንዲሆን የተመደበ ነው። በዚህ ምክንያት ዜማው፥ ቅኔውና ትርጓሜው ከዓመት ወደ ዓመት ሳይቋረጥ ተማረ። በጎንደር የተማረ ሰው በአገሩ ሁሉ እየሄደ አስተማረ።

ልጆች ሆይ፤ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቁሙና አስቡ። ጉልቱን የሰጡት እቴጌይቱ ናቸው፤ ነገር ግን መሬቱን ያረሰው ማን ነው? ገበሬው ነው። እህሉን አጭዶ፥ ወቅቶና በአህያ ጭኖ ለመዘምራኑ ያመጣው እርሱ ነው። ማሩን ለጧፍ ሰም የቈረጠው፥ ፍየሉን ለብራና የሰጠው፥ እንጨቱን ከዱር ያመጣው እርሱ ነው። ምናልባት በልቡ ደስ ብሎት ሰጥቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ግብሩ ከብዶት ይሆናል። ስሙ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ሆኖም የቁስቋምን መዝሙር ስናመሰግን የገበሬውን ላብ ብንረሳ በደለኞች ነን። አንዱ በወርቁ ይረዳል፤ አንዱ በቁናው ይረዳል፤ ሁለቱም ለጥበብ አባት ናቸው።

እቴጌ ምንትዋብ በጣና ባሕር ውስጥ ባለው በደቅ ደሴት ደግሞ ናርጋ ሥላሴ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በታንኳ ይሻገራል። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው። በዚያም የእቴጌይቱ መልክ ከሥዕሎቹ በአንዱ ይገኛል። አንድ ነገሥታት የሚፈሩት ሰው በሥዕል ውስጥ የት ሊቀመጥ ይወዳል? በላይ፥ በመካከል፥ በዙፋን ላይ ይመስላችኋል። እቴጌይቱ ግን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በተቀመጠችበት ሥዕል በታች፥ ከእግሯ ሥር፥ በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ያሠሩት እርሳቸው ሲሆኑ ከሁሉ በታች ያለውን ስፍራ ያዙ። የሚሰጥ ሰው እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። ሰጥቶ ራሱን ከፍ የሚያደርግ ሰው የሰጠውን መልሶ ይወስዳል።

ልጃቸው ዐፄ ኢያሱም ከእናታቸው ጥበብን መውደድ ተምረው ነበር። ብሩስ የሚባለው እንግዳ እንደ ጻፈው፥ ከሰምርኔስ የመጡ የግሪክ አንጥረኞች በቤተ መንግሥቱ ተቀምጠው የንጉሡን እልፍኝ አስጌጡ። ይሁን እንጂ ሁሉ ሰው በዚህ ደስ አላለውም። ጦርነትን የሚወዱ ሰዎች፥ ይህ ንጉሥ ሕንፃና ጌጥ ከመውደድ በቀር ሌላ አያውቅም እያሉ ያሟቸው ነበር ይባላል። ንጉሡም ምናልባት ይህን ሐሜት ለማጥፋት በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘመቱ። ዘመቻው አልቀናቸውም። ብዙ ሠራዊት ሞተ፤ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት የሚሄዱት፥ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው የጌታችን ሥዕል እንኳ በጠላት እጅ ወደቀ። በኋላም በብዙ ወርቅ ተቤዥቶ ወደ ጎንደር ተመለሰ፤ ከተማይቱም በታላቅ ደስታ ተቀበለችው። ተመልከቱ፤ በዚያ ዘመቻ ከጠፋው ሁሉ ሕዝቡ በወርቅ ሊቤዠው የወደደው አንድ ሥዕል ነበረ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ዐረፉ። በሞታቸው ጊዜ በግምጃ ቤት የተገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበረ ተብሎ ይነገራል። እናታቸውም በዚህ እጅግ አዘኑ። እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባል። ጥበብን መውደድ መልካም ሲሆን መንግሥትን በጥንቃቄ መምራት ደግሞ ግዴታ ነው። ገንዘቡ ሁሉ በሕንፃ አለቀ ማለት አይቻልም፤ ጦርነትም፥ ለመኳንንት የሚሰጠው ስጦታም ብዙ ይበላ ነበር። ነገር ግን መስጠት የሚወድ ሰው ጓዳውን አይቶ ሊሰጥ ይገባዋል፤ የዛሬው ልግስና የነገውን ሥራ እንዳያቋርጥ።

ከዐፄ ኢያሱ በኋላ የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ኢዮአስ ነገሡ። በዘመናቸው በእናታቸው ወገኖችና በቋራ ወገኖች መካከል ጠብ ሆነ። ይህንንም ጠብ ያበርዳሉ ተብለው ከትግሬ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ኃይል ሁሉ በእጃቸው ገባ፤ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በእርሳቸው ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸውን ቀበሩ፤ ልጃቸውን ቀበሩ፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ሞት አዩ። ሥልጣናቸውም ከእጃቸው ወጣ። ከዚህ በኋላ ቁስቋም መጠጊያቸው ሆነ። ለሌላው ብለው የሠሩት ቤት ለራሳቸው የኀዘን ቤት ሆነላቸው።

ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ በከተማይቱ የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ነበር። ብሩስም የሕክምና ዕውቀት ነበረውና በቁስቋም ግቢ የታመሙትን የእቴጌይቱን ወገኖች ሕፃናት አስታመመ። እቴጌይቱም እንግዳውን በደግነት ተቀበሉት፤ በጎንደርም በነበረ ጊዜ ረዱት። እርሱም ወደ አገሩ ተመልሶ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ስለ እርሳቸው በክብር ተናገረ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. በሰኔ ወር ዐረፉ፤ በዚያው በወደዱት በቁስቋምም ተቀበሩ።

ከእርሳቸው በኋላ የመሳፍንት ዘመን መጣ፤ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ጎንደርም እየደከመች ሄደች። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን በዘበዙ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቷም ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙዎቹ መጻሕፍት ባሕር ተሻገሩ፤ ዛሬም በለንደን ከተማ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከነዚህም መካከል በእቴጌይቱ ዘመን በተነሣው አዲስ አሣሣል የተጌጡ አሉ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን ወረሩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። የአንድ ዘመን ሠዓልያን ድካም በአንድ ቀን አመድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሁሉ አልጠፋም። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ዘመን በስፍራው እንደ ገና ተሠራ። የእቴጌይቱም ግንብ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቁሟል፤ በ1972 ዓ.ም. ከሌሎቹ የጎንደር ሕንፃዎች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ናርጋ ሥላሴም ውሃ ከልሎት ከእሳቱ ዳነ። እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር እንደ ተደፉ ዛሬም በዚያ ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ዘውዳቸው የት እንዳለ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አታገኙም። ሥዕሉ ግን አለ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ከእናንተ መካከል እቴጌ የሚሆን፥ ግንብ የሚያሠራ ምናልባት አይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየመንደራችሁ በትንሹ የምንትዋብን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እናንተ ግን አላስተዋላችኋቸው ይሆናል። የቆሎ ተማሪ በደጇ ቁሞ ሲለምን ቁራሽ እንጀራ የምትሰጥ ባልቴት ቅኔን ትመግባለች፤ እርሷ ባትሰጥ ኖሮ የነገው መሪጌታ ዛሬ በራብ ትምህርቱን በተወ ነበር። መሰንቆ የሚመታውን አዝማሪ በቤቱ የሚያሳድር፥ ሳይንቀውም የሚያበላው ሰው የአገሩን ዜማ ይጠብቃል። ሸማኔውን በሐቀኛ ዋጋ የሚከፍል፥ የሸክላ ሠሪዋን ሥራ የማያጣጥል፥ ቀጥቃጩን በክፉ ስም የማይጠራ ሰው ጥበብን ያከብራል። የተቀደደውን መጽሐፍ በገንዘቡ የሚያስጠርዝ ሽማግሌም እንዲሁ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ክብር መስጠት የእናንተ ዕዳ ነው። ክብርም የሚሰጠው በሐውልት ብቻ አይደለም። በመንገድ ባገኛችኋቸው ጊዜ ተነሥታችሁ እጅ ንሡ። ውሃ ተሸክማ ባያችኋት ጊዜ የባልቴቲቱን እንስራ ተቀበሏት። ስማቸውን ጠይቁና በልባችሁ ጻፉት፤ ልጆቻችሁም እንዲያውቁት ንገሯቸው። የቁስቋም ሠዓልያንና የቁስቋም ገበሬዎች ስም ጠፍቶብናል፤ የጠየቀና የጻፈ ስላልነበረ ነው። ይህ ጥፋት በእናንተ ዘመን እንዳይደገም ተጠንቀቁ።

ዳግመኛም እናንተ ራሳችሁ ለመስጠት ትንሽ ነን አትበሉ። ቀለም ያለው ቀለሙን፥ ብርዕ ያለው ብርዑን፥ ምንም የሌለው ደግሞ ጆሮውን ይስጥ። ባልንጀራችሁ ቅኔ ሲዘርፍ ወይም ሥዕል ሲሥል ሳትስቁበት በትዕግሥት ብታዩለት፥ እርሱ በርትቶ ይሠራል። እቴጌ ምንትዋብ ወርቅ ነበራቸውና ወርቅ ሰጡ፤ አስቀድመው ግን፥ ታሪኩ እንደሚለው፥ በቋራ ሳሉ ለማያውቁት እንግዳ የሰጡት ውሃና ማስታመም ነበረ።